ሦስተኛው ፎቶ

ሰኞ፣ ጥር 15

ጉማሬው አላዛጋም። ከፀሐይ መውጫ እስከ ረፋድ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ሣር ውስጥ ተኝተን ጠበቅነው፤ ያዛጋነው እኛ ነን። አጎቴ ሐጂ ሰይድ ሦስት ጊዜ «አዛጋ! አዛጋ!» ብለው ተነሡ። ሦስቱንም ጊዜ ያዩት ድንጋይ ነው። ዓይናቸው ከአሥር እርምጃ ወዲያ ያለውን አይለይም። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ ሚስታቸው ያውቃሉ፣ የመንደሩ ፍየል ሁሉ ያውቃል። እሳቸው ብቻ አያውቁም።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። ወደቡን የሚያዝዘው የጣልያን ካፒቴን ፎቶ ማንሣት የሚወዱትን ሰብስቦ ውድድር አወጀ። ሐኪማቸው አለ፣ ሁለት የመቶ አለቆች አሉ፣ ባለሱቁ ግሪክ ሙሴ ያኒ አለ፣ አጎቴም አሉበት። ከአገሬው ሰው ካሜራ ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ለሐጅ ወጥተው ምጽዋ ላይ መርከቡ አመለጣቸውና በስንቁ ገንዘብ ካሜራ ገዝተው ተመለሱ። ሰው ግን «ሐጂ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም «አቤት» ይላሉ።

ደንቡ ይህ ነው። ለሁሉም አንድ ዝርዝር ተሰጥቷል፤ በዝርዝሩ ያለውን እየፈለጉ ማንሣት ነው። ነገሩ ስምንት፣ ፊልሙም የሚይዘው ስምንት ፎቶ ብቻ፤ መሳሳት የለም። ዓርብ ከሰዓት ፊልሙ ለሙሴ ያኒ ይሰጣል፤ ማጠቢያው ጨለማ ክፍል ያለው እሱ ዘንድ ነው። እሑድ ፎቶው ሁሉ ሱቁ ውስጥ ይሰቀልና ካፒቴኑ ይፈርዳል።

አስተርጓሚው ጌጡ እንዳነበበልን፦

ሁለት ሰው በአንድ ጃንጥላ ሥር
ክብ ነገር በክብ ነገር ውስጥ
የዛፍ መልክ በውሃ ላይ
የሚያዛጋ እንስሳ
ሽማግሌ ሲስቅ
ዓሣ የያዘ አሞራ
የሚሽከረከር ነገር
ነፋስ

«ነፋስ?» አሉ አጎቴ። «ነፋስ እንዴት ተደርጎ ይነሣል?»

«እኔ የተጻፈውን ነው ያነበብሁት፣ ሐጂ» አለ ጌጡ።

ሽልማቱ የወይን ጠጅ ነው። አጎቴ አልጠጣም ሲሉ ካፒቴኑ «እንግዲያው አንተ ካሸነፍህ ለአንድ ታንኳ የይለፍ ወረቀት እሰጥሃለሁ» አላቸው። ጣልያኖቹ ሁሉ ሳቁ። የጠሯቸው ለመሳቂያ መሆኑ እኔ ገብቶኛል። አጎቴ ግን ወረቀቱን ከአሁኑ ኪሳቸው ከትተውታል። ማንም ወደ አርበኞቹ እንዳይሻገር አዋጅ ከወጣ ወዲህ ታንኳ ሁሉ ወደቡ ላይ ተሰብስቦ፣ አፍንጫው ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎበት፣ ታስሮ ይበሰብሳል። ቁጥር የሌለው ታንኳ የተገኘበት ሰው ይሰቀላል። አንዱን ሰቅለዋል። እኔ አላየሁም፤ እናቴ በሌላ መንገድ ወሰደችኝ። የአጎቴ ቡና ዘጌ ላይ ተቀምጦ እሳቸው እዚህ ጺማቸውን ይቆጥራሉ።

ዛሬ ሁለቱን አነሣን። ጃንጥላውን ማን ይያዝ እያሉ የሚጣሉ ሁለት ባልቴቶች፣ ከዚያም የእናቴ አምባር በወንፊት ውስጥ። እኔ ካሜራውን አቀናለሁ፣ አጎቴ ቁልፉን ይጫናሉ። ከሩቅ ላየ አንሺው እሳቸው ናቸው።

ማክሰኞ፣ ጥር 16

ሦስተኛውን አነሣን። ምነው እጃችንን በሰበረው።

ከመንደሩ በስተምሥራቅ፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል መሀል፣ ውሃው የማይንቀሳቀስበት ቦታ አለ። ዳሩ ላይ ትልቅ ሾላ ቆሟል፤ መልኩ ውሃው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ካሜራውን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ አቀናሁና «ይጫኑ» አልሁ።

«ቆይ ቆይ፤ ዛፉ ወደ ግራ ሄዷል» አሉና ካሜራውን ገፋ አድርገው ቀጭ አደረጉት። መመልከቻው መስተዋት ግራና ቀኙን እንደሚያዟዙር ከነገርኋቸው ሃያ ጊዜ ሆኗል። ዛፉን ወደ ጫፍ አስወጥተው ደንገሉን አነሡት።

እሳቸው ውዱእ ሊያደርጉ ወረድ ሲሉ እኔ ምን እንደተነሣ ላይ ሄድሁ። ደንገሉን ገለጥ ሳደርግ፣ ታንኳ። አዲስ፣ ገና አረንጓዴ፣ ቁጥር የሌለው። አፍንጫው ከደንገሉ በላይ ቀና ብሏል። ከሥሩ አያ እንድሪስ ተጎንብሰው ገመድ ያጠብቃሉ።

አያ እንድሪስ ታንኳ ሠሪያችን ናቸው፤ ግራኝ ናቸው። ሌላው ሠሪ አፍንጫውን ሲያስር ገመዱን ወደ ቀኝ ይጠመጥማል። እሳቸው ወደ ግራ ነው፤ ጫፉንም ወደ ውስጥ አጥፈው ይቀብሩታል። እዚህ ዳርቻ ያደገ ሕፃን ሁሉ ታንኳ ከሩቅ አይቶ «የእንድሪስ ናት» ይላል። ፊታቸው ፎቶው ውስጥ ባይኖርም ያ አስተሳሰር ስማቸውን ይናገራል።

«ማነሽ? ሐዋ ነሽ?» አሉ ሳይንቀሳቀሱ። «ያ ያብለጨለጨው ምንድን ነው?»

«የአጎቴ ካሜራ ነው አያ።»

«ወዴት ነበር የዞረው?»

«ወደ ሾላው» አልሁ። ዋሸሁ።

ትንፋሻቸውን ለቀቁት። «ማዶ ጨው ያጡ ሰዎች አሉ፣ የቆሰለም አለ። አላየሽኝም፤ እሺ ልጄ?»

«አላየሁዎትም።»

እኔ አላየሁም። ካሜራው ግን አይቷል።

ረቡዕ፣ ጥር 17

እንቅልፍ የለም። ጉማሬው አዛጋ። አፉን እንደ ጎተራ በር ከፈተው፤ አጎቴም በጊዜው ተጫኑ። ሁለቱ መቶ አለቆች እዚያው ዳር ላይ ነበሩ፤ «ኢፖፖታሞ! ኢፖፖታሞ!» እያሉ ጮኸው አባረሩት እንጂ አላነሡትም። የጉማሬ ስም በጣልያንኛ ተማርሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ብቻ አንድ ሳምንት እስቅ ነበር።

ለአጎቴ ልንገራቸው? ያሰብሁት ይህ ነው። ከነገርኋቸው ለሚስታቸው ይነግራሉ፤ «ለማንም እንዳትነግሪ» ብለው። ከዚያ ለመስጊድ ጓደኞቻቸው፣ «ለማንም እንዳትነግሩ» ብለው። ለአጎቴ መንገር ገበያ ላይ ነጋሪት ማስጎሰም ነው።

ካሜራውን ውሃ ውስጥ ብጥለውስ? ደፍሬ ዳር ድረስ ወሰድሁት። አጎቴ መጡና «ጎበዝ፣ አጥበሽ ልታደርቂው ነው?» አሉኝ። ካሜራ የሚታጠብ ነገር ነው? መለስሁት።

ሐሙስ፣ ጥር 18

ሽማግሌ ሲስቅ፦ ጎረቤታችን አባ ጀማል ከልጅ ልጃቸው ሰርግ ወዲህ ስቀው አያውቁም። ሄጄ «ሐጂ ጣልያኖቹን በፎቶ ሊያሸንፉ ነው» አልኋቸው። ሳቁ። አንዲት የቀረች ጥርሳቸው ሁሉ ታየች። አጎቴ ያሳቃቸው ምን እንደሆነ ሳያውቁ አነሡዋቸው።

አሞራው ተነሣ፣ ግን ዓሣው ወድቋል። የሸማኔው መዘውር ተነሣ። የቀረው ነፋስ ነው።

አጎቴ ካሜራውን ባዶ ሰማይ ላይ አነጣጥረው «ነፋሱ እዚያ ነው ያለው፤ ዛፉ ላይ የሚታየው ሥራው ነው እንጂ ራሱ አይደለም» አሉ። አንድ ሰዓት ተከራከርን። እናቴ መሀል ገብታ «ነገ ነጠላ አሰጣለሁ፤ ነጠላዬን አንሡና ገላግሉን» አለች።

አስተርጓሚው ጌጡ በደጃፋችን ሲያልፍ «ሐጂ፣ እንዴት ነው አደኑ?» ብሎ ጠየቀ። ድሮ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ እዚሁ ዳርቻ ነው ያደገው። ጣልያኖቹ ታንኳ ሲያዩ የሚያዩት ሣር ነው። ጌጡ ግን አስተሳሰሩን ያነባል።

ዓርብ፣ ጥር 19

ጠዋት ነጠላው ገመድ ላይ ሲውለበለብ ስምንተኛው ተነሣ።

አጎቴ ለጁምዓ ሲወጡ ካሜራውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «አደራ። ከአንቺ ሌላ የማምነው የለም።» ይህን ባይሉኝ ይሻል ነበር።

በሩ ላይ ሆኜ የካሜራውን ጀርባ ከፈትሁ። ፀሐይ ላይ ይዤ እስከ ሃያ ቆጠርሁ። ብርሃን ፊልም ያቃጥላል፤ ይህን የነገሩኝ ራሳቸው አጎቴ ናቸው። ጉማሬውን አቃጠልሁ፤ የአባ ጀማልን ሳቅ፣ ባልቴቶቹን፣ የይለፍ ወረቀቱን አቃጠልሁ። ሾላውንም። ዘጋሁትና ተንበርክኬ አለቀስሁ፤ ግን ቀለለኝ።

ከሰላት በኋላ አጎቴ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አዙረው፣ አውጥተው፣ እንደ ዕንቁላል ይዘው ለሙሴ ያኒ ሰጡ። ሙሴ ያኒ ስለ ፊልም ከተጠየቀ ሱቁን ይረሳል። እኔም ነገረኛ ነኝና አፌ አላርፍ አለ።

«ሙሴ፣ ሰው በስሕተት ካሜራ ቢከፍት ፊልሙ ሁሉ ይቃጠላል?»

«ሁሉ? አይ፣ አይ!» አለ። «ከጀርባው ጥቁር ወረቀት አለበት። ብርሃን በጎን በጎን ነው የሚገባው። መጨረሻ የተነሣው ይበላሻል። መጀመሪያ የተነሣው ውስጥ ተጠቅልሏል፤ ደኅና ነው!»

መጀመሪያ የተነሣው ውስጥ ተጠቅልሏል። ሾላው ሦስተኛ ነው።

ጥሩ ጥሩውን አበላሽቼ የሚያሰቅለውን አተረፍሁት። ፊልሙም እጃችን ላይ የለም።

ቅዳሜ፣ ጥር 20

ለአያ እንድሪስ ነገርሁ። ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልሁም። ሚስታቸው እትዬ ዘይነብ በር ላይ ጥጥ እየፈተሉ ነበር፤ ጆሯቸው እኛ ጋ፣ ዓይናቸው መንገዱ ላይ።

ይመቱኛል ብዬ ነበር። «ለማን ነገርሽ?» አሉ ብቻ።

«ለማንም።»

«ለአጎትሽስ?»

«ለአጎቴ ልንገር አያ?»

ከዚያ ሁሉ ጭንቅ መሀል ሳቃቸው አመለጣቸው። ወዲያው ተነሥተው ወደ ደንገሉ ሄዱ፤ እኔም ተከተልሁ። ያን የመሰለ ታንኳ አንድ በአንድ ፈቱት። ገመዱ ሲላቀቅ ታንኳው ሣር ሆነ። ነዶ ነዶውን ፀሐይ ላይ ዘረጉት፤ ያየ ሰው ለሰሌን የታጨደ ነው የሚለው።

«ታንኳው ተፈታ» አሉ እጃቸውን እያራገፉ። «ያንቺን ፎቶ ደግሞ ማን ይፈታዋል?»

«ይሽሹ አያ።»

«በየት ልጄ? በእግር እንዳልል ድልድዩ ላይ ወጪውን ሁሉ የሚፈትሽ ዘብ አለ። በውሃ እንዳልል ታንኳ ታስሯል።»

እሑድ፣ ጥር 21

ይህን ገጽ ማቃጠል ሳይኖርብኝ አይቀርም።

ፎቶዎቹ ሙሴ ያኒ ሱቅ ውስጥ ገመድ ላይ ተሰቅለዋል። የኛው ሦስተኛ እዚያው ነው፤ ከሱ ቀጥሎ ያለው ጉማሬ ግን በብርሃን ተበልቶ አይለይም። ሾላው በቀኝ ጫፍ ግማሹ ተቆርጦ፣ መሀሉ ላይ የታንኳው አፍንጫ። ጥርት ብሎ። ወደ ግራ የዞረው የገመዱ ዙር ይቆጠራል። ቁጥር የለበትም።

ካፒቴኑ እየሳቀ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። ጌጡ ከኋላው። ሦስተኛው ፊት ሲደርሱ ጌጡ ቆመ። ካፒቴኑ አልፎ ሄዶ ተመለሰና በጣቱ አፍንጫውን እየጠቆመ አንድ ነገር ጠየቀ። ጌጡ ወደ አጎቴ ዞረ።

«ሐጂ፣ ይህ ምንድን ነው ይላል።»

አጎቴ ከአራት እርምጃ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። የታያቸው ጥቁር ነገር ከውሃ ቀና ማለቱ ብቻ ነው። ደረታቸውን ነፍተው «ጉማሬ ነዋ!» አሉ። «አባይ መውጫ ላይ! ሊያዛጋ ሲል ነው፤ በነፍሴ ቆርጬ ነው የተጠጋሁት!»

ጌጡ ፎቶውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላህ ነው የሚያውቀው። ወደ ካፒቴኑ ዞሮ ተናገረ፤ ከተናገረው ሁሉ የገባችኝ አንዲት ቃል ናት። ኢፖፖታሞ።

ካፒቴኑ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እንዲህ የከሳ ጉማሬ!» አለ ይመስለኛል። አለፈ።

ከዚያ ስምንተኛው። ነጠላው በጥግ በኩል ትንሽ ይታያል፤ የቀረው ሁሉ እኔ ባስገባሁት ብርሃን ነጫጭ መስመር ሆኗል፤ ከዳር ወደ መሀል ሲነጉድ የሚታይ። ካፒቴኑ ሳቁን አቆመ። ሐኪሙን ጠራ፣ መቶ አለቆቹን ጠራ። እነሱ ባንዲራ፣ ዛፍ፣ የኮፍያ ላባ ነው ያነሡት። ሙሴ ያኒ አፉን ሊከፍት ሲል አየሁት፤ አየኝና መልሶ ዘጋው።

«ሁላችሁም የነፋስ ሥራ አመጣችሁ፤ ነፋሱን ራሱን ያነሣው ይህ ሽማግሌ ብቻ ነው» አለ ካፒቴኑ፣ በጌጡ አፍ። አጎቴም ወደ እኔ ዞረው «አላልሁሽም?» አሉ።

አሸነፍን። ግን ካፒቴኑ ፎቶው ሁሉ ወሩን ሙሉ እንደተሰቀለ ይቆይ ብሏል። ነገ የገበያ ቀን ነው፤ የዳርቻው ሰው ሁሉ ሱቁ ይገባል።

ሰኞ፣ ጥር 22

ወረቀቱን ለመቀበል ከአጎቴ ጋር ሄድሁ። ሌሊቱን ያሰብሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የአንድ ቀዛፊ ስም ይጻፋል።

በመንገድ ላይ «አጎቴ፣ ቀዛፊ ማንን ያደርጋሉ?» አልሁ።

«የእህቴን ልጅ ነዋ።»

«እሱማ ባለፈው ቡናውን ውሃ አጠጣብዎት። ሰው ምን ይላል? ጣልያንን ያሸነፈ ሰው በልጅ ይቀዘፋል?»

ትንሽ ሄዱ። «እውነትሽን ነው። እንድሪስን ነው የምይዘው» አሉ፣ የራሳቸው ሐሳብ አድርገው።

ጻፊው ጌጡ ነው። የአጎቴን ስም ጻፈ፣ የታንኳውን ቁጥር ጻፈ። «የቀዛፊው ስም?»

«እንድሪስ» አሉ አጎቴ።

ብዕሩ ቆመ። ዝንብ ወረቀቱ ላይ አርፋ ተነሣች። ጌጡ ቀና አላለም፤ «ግራኙ እንድሪስ?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እሱ ነዋ! ሌላ ማን አለ?» ጮኹ አጎቴ።

ጻፈው። ማኅተሙን መታበት። «ነገ በማለዳ ይውጡ፣ ሐጂ። ፀሐይ ሳይበረታ» አለ።

ለምን? ደግነት ነው? ወይስ ማዶ የሚጠብቃቸው አለ? አላውቅም። አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥር 25

አጎቴ መጡ። ብቻቸውን፣ በእግር፣ በየብሱ መንገድ፣ እግራቸው አብጦ። ታንኳ የለም፣ አያ እንድሪስ የሉም፣ ቡና የለም፣ ካሜራውም የለም።

ደጃፍ ላይ ሰው ተሰበሰበ፤ ጌጡም መጣ። አጎቴ ቆመው ተናገሩ። ዘጌ ሊደርሱ ሲሉ ጉማሬ ከሥር ገለበጣቸው፤ እሳቸው ደንገል ይዘው ወጡ፤ እንድሪስን ውሃ በላው። «ካሜራዬንም!» ብለው ደረታቸውን መቱ። እንባቸው እውነተኛ ነበር። ጌጡ ጻፈ፦ ታንኳው ተገለበጠ፣ ቀዛፊው ሞተ። ወረቀቱን አጥፎ ሄደ።

እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። የገደልኋቸው እኔ ነኝ፤ ስማቸውን ያስጻፍሁት እኔ ነኝ።

ሰው ሲበተን አጎቴ ወደ ውስጥ ጠሩኝ። በሩን ዘጉ።

«ዘጌ ጫካው ድረስ ሸኘሁት» አሉ በሹክሹክታ። ሹክሹክታ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር። «መንገድ ላይ ሁሉን ነገረኝ። ‹ሰጠመ በል› ያለኝ ራሱ ነው። ጉማሬውን እኔ ጨመርሁበት።»

«ካሜራውስ?»

«ጣልሁት። ካሜራው ደርቆ እኔ ጋ ከተገኘ መገልበጤን ማን ያምናል?» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «በይ ሂጂ። ለማንም እንዳትነግሪ።»

ዛሬ ሚስታቸው ጠይቀዋቸዋል፣ የመስጊድ ጓደኞቻቸው ጠይቀዋቸዋል። ለሁሉም ያወሩት ስለ ጉማሬው ነው። ስለ አጎቴ የጻፍሁትን ግማሹን እሰርዛለሁ። ግማሹን ብቻ።

ዓርብ፣ ጥር 26

አያ እንድሪስ ቤት ለቅሶ ነው። መንደሩ ሁሉ ተቀምጧል። ሰው በቁሙ ሲለቀስለት አላህ ይቅር ይበለን። ጌጡ ከወንዶቹ ጋር ድንኳኑ ጥግ ተቀምጧል፤ አይናገርም፣ አይሄድም።

ከሁሉ የፈራሁት እትዬ ዘይነብን ነው። ያውቃሉ? አያውቁም? የማያውቁ ከሆነ እንዴት ዓይናቸውን አያለሁ? ጮኸው ያለቅሳሉ፤ ድምፃቸው ተዘግቷል። ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ማየት ስላልቻልሁ አንገቴን ደፋሁ።

አቀፉኝ። ፊታቸውን ጆሮዬ ሥር ቀበሩና በዚያው የለቅሶ ዜማ፣ ዝቅ አድርገው፣ «ማለዳ ከዘጌ የመጣች ሴት ደኅና ነው ብላኛለች» አሉ። ክንዴን ቆነጠጡኝ። «አልቅሺ እንጂ አንቺ ልጅ! ጌጡ እያየሽ ነው።»

አለቀስሁ። ከሰኞ ጀምሮ ያጠራቀምሁት ነበር፤ ማቆም አቃተኝ። ሴቶቹ ውሃ አመጡልኝ፣ «ምስኪን፣ እንዴት ትወዳቸው ኖሯል» አሉ። ቀና ስል ጌጡ ከተቀመጠበት የለም። ወደ ካፒቴኑ ይሁን ወደ ቤቱ የሄደው፣ የጠየቅሁት ሰው የለም።